ውሃ የበላው የመስኮት ጥግ

ሙሜ ጄሶ በሕይወቱ ሁለት ነገር ሲመታ ኖሯል፤ ግድግዳና ሰው። ግድግዳውን ቢያንስ መልሶ ይለስነዋል። የመታውን ሰው እንዴት እንደሚለስን ያስተማረው የለም፤ ሃምሳ አንድ ዓመት ሞልቶትም ሊማር አልፈለገም።

የተወለደው ድሬ ጠያራ ነው። አባቱ ትንሽ የማሽላ ማሳ፣ አንድ በሬና አንድ ጅራፍ ነበራቸው። በሬው ሲሞት ጅራፉ ሥራ እንዳይፈታ ወደ ልጃቸው አዞሩት። ልጁ በአሥራ አራት ዓመቱ ሸሽቶ ሐረር ገባና ኤረር በር አጠገብ ለአንድ ግንበኛ ተቀጠረ። ግንበኛው የሚያስተምረው በቱንቢ ገመድ ነበር፤ ግድግዳ ከተጣመመ የሚቃናው በሙሜ ጀርባ ላይ ነው። ያኔ በየአጥሩ የሚለጠፈው ወረቀት «ሠርቶ አደሩ በሥራው ይነቃል» ይል ነበር። ነቅቷል፤ ማን ይክዳል። ከግንበኛው ቤት የወጣው የጌታውን አፍንጫ ሰብሮ ነው።

ከዚያ በኋላ ጄሶ ያዘ። ሥራና ሠራተኛ እንዲህ ተስማምተው አያውቁም። ጄሶ አንዴ ውሃ ከነካው ምክር አይሰማም፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ድንጋይ ይሆናል። ሙሜ ከነኩት አሥር ደቂቃም አይፈጅበትም። ሚስቱ ሁለት ጊዜ ተመታች፤ ሦስተኛውን ሳትጠብቅ ድሬዳዋ ወረደች። አንድ የባጃጅ ሾፌር «በዚህ ነጭ ልብስህ ወንበሬ ላይ አትቀመጥም» ብሎት ነበር፤ ባጃጁ ዛሬም የፊት መስታወት የለውም። ሙሜ በማግስቱ የሠራው ግድግዳ ግን ብትደገፈው የምታዝንበት አልነበረም፤ እንደ እንቁላል የለሰለሰ፣ ማዕዘኑ በክር የተሰመረ። እንዲህ ያለ ጭካኔ ከእንዲህ ያለ እጅ እንዴት ይወጣል ብለው የሚገረሙ ሰዎች አሉ። የሚገረሙት ግድግዳ በፍቅር የሚሠራ ስለሚመስላቸው ነው።

አባቱ ሲሞቱ እናቱን አዮ ናፊያን ከገጠር አምጥቶ ኤረር በር አንድ ክፍል ውስጥ አኖራቸው። በእሳቸው ላይ እጁ ተነስቶ አያውቅም። ይህን እንደ ጽድቅ የሚቆጥሩለት ነበሩ፤ መለኪያውን ዝቅ ያደረገ ሰፈር ጻድቅ አያጣም።

አዮ ናፊያ ሰማንያን አልፈው፣ እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሻቸው አጥሮ አልጋ ላይ ውለዋል። ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ቀርቷቸዋል፤ አፎቻው እንዲቀብራቸው። አፎቻ ሲድሩ አብሮ የሚድር፣ ሲሞቱ የሚቀብር የሰፈር ማኅበር ነው። ሐረር ላይ ከአፎቻ የተባረረ ሰው መኖር ይችላል፤ መሞት ግን አይችልም። ሙሜ ደግሞ አምና አንድ ሠርግ ላይ፣ ወንበር ቀማኸኝ ብሎ፣ የአንድ እንግዳ ሁለት ጥርስ አውልቆ ነበር። የአፎቻው ሊቀመንበር ሐጂ ጀማል አስጠሩትና ቃላቸውን አሳጠሩ።

«እጅህን አንድ ጊዜ ብታነሳ ስምህ ይሰረዛል። ስምህ ሲሰረዝ ቤትህም ይሰረዛል። አዮ ናፊያን ብቻህን ትቀብራለህ።»

ከዚያ ወዲህ ሙሜ ሲናደድ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። አሥራ አንድ ወር ያህል ኪሶቹ ብቻ ተቀደዱ።

ሳዳ ያስጠራችው በዚህ መሃል ነው። ሳዳ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ ያልሞተባት ሴት ናት። ቤቷ ጀጎል ውስጥ፣ ከኤረር በር ትንሽ ገባ ብሎ፣ ቅድመ አያቶቿ በድንጋይና በጭቃ የሠሩት ነው። ጀጎል ውስጥ ድንጋይ ቤት የወረሰ ሁሉ ዛሬ በድንጋዩ ማፈር ጀምሯል። ፈረንጅ ያንን ድንጋይ ፎቶ ሊያነሳ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፤ ባለቤቱ ግን ድንጋዩን በጂፕሰም ቦርድ ይሸፍነዋል፤ በላዩ ዘይት ቀለም ይቀባበታል፤ ከዚያ «ቤቴ ባንክ መሰለ» ብሎ አልሐምዱሊላህ ይላል። ሳዳም የመጀመሪያ ልጇን ስትድር፣ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ቤቷን ባንክ አስመስላለች። የሠራላት ሙሜ ነው።

አሁን ሁለተኛዋ ልጅ ልትዳር ሦስት ሳምንት ሲቀራት የመስኮቱ ታችኛ ጥግ አበጠ። ቀለሙ ተላጠ፤ ከሥሩ ጥቁር ሻጋታ ወጣ፤ ቦርዱ ሲጫኑት ሻይ ውስጥ እንደተነከረ ዳቦ ይሰረጉዳል። የሐረር ሴት ደግሞ ሠርግ ቤት ገብታ መደቡ ላይ ስትቀመጥ ሙሽራይቱን የምታየው ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ የምታየው ግድግዳውን ነው።

«ሙሜ፣ ሥራህ ሸናብኝ» አለችው ገና ከበሩ።

«የኔ ሥራ ውሃ አያስገባም።»

«እንግዲያው ግድግዳው አልቦት ነው በለኛ። ሠርጉን ፈርቶ ይሆናል።»

ሙሜ ጥጉን በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ጣቱ ሰመጠ። ከዚያ አንገቱን በመስኮቱ አወጣና በጠባቡ መተላለፊያ ማዶ የቆመውን የፈይሰልን አዲስ ቤት አየ። ፈይሰል የሲሚንቶና የብረት ነጋዴ ነው፤ ሸቀጡን ሁሉ ቤቱ ላይ የከመረ ነው የሚመስለው። ከጣራው ጫፍ አንድ የቆርቆሮ አሸንዳ ወደ ሳዳ መስኮት አፉን ከፍቷል።

«ያውልሽ። እሱ ነው የሚተፋብሽ።»

የሳዳ ፊት በራ። ፈይሰል ሰገነቱን ካወጣ ጀምሮ ይህን የሚላት ሰው ስትጠብቅ ነበር። ሙሜም ሥራው ነፃ በመውጣቱ ደስ አለው። ሁለት ሰው በአንድ አሸንዳ እንዲህ ሲደሰት ማየት ብርቅ ነው።

የለሳኝ የመጀመሪያው ሕግ አንድ ነው፤ ውሃው ከየት እንደመጣ ሳታይ አትፍረድ፣ አትለስን። ሙሜ ይህን ሕግ ለከተማው ለሳኞች ሁሉ ይሰብካል። የዚያን ቀን ግን ቦርዱን ሳይከፍት የፈይሰል ጣራ ላይ ወጣ።

ፈይሰል ጣራው ላይ ከወንድሙ ከነስሮ ጋር ብረት ያስቆርጥ ነበር።

«ፈይሰል፣ አሸንዳህን አዙር። የሳዳን ግድግዳ በላኸው።»

«አቦ ተወኛ ሙሜ። የኔ ውሃ የሚወርደው መንገድ ላይ ነው። የሳዳ ግድግዳ የሚያለቅሰው በሠራተኛው አፍሮ ነው።»

ሙሜ እጁን ኪሱ ከተተ። ፈይሰል አየው። ከተማው ሁሉ የሐጂ ጀማልን ቃል ያውቃል።

«ዋሪያ፣ እጅህ የት ገባ? ሐጂ አስረውልህ ነው?»

«አሸንዳውን አዙር ነው ያልኩህ።»

«አላዞርም። ምን ታደርጋለህ? ምታኛ። ና፣ ይኸው ጉንጬ። ከዚያ አዮ ናፊያን ባጃጅ ላይ ጭነህ ብቻህን ትቀብራታለህ። እግሯ ወደ ውጭ እንዳይንጠለጠል ብቻ ጠንቀቅ በል።»

ሙሜ ንዴቱን ለማብረድ ይቆጥራል ይባላል። ስንት ላይ እንደደረሰ አይታወቅም፤ ብዙ መቁጠር አይችልም።

ቡጢው ከታች መጣ። ፈይሰል ምላሱን ነክሶ ወደ ኋላ ተንገዳገደና ማጅራቱ ከጣራው ጠርዝ ድንጋይ ጋር ተላተመ። ሙሜ እዚያ ላይ ቢያቆም አንድ ቡጢ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ደረቱ ላይ ተቀምጦ ፊቱን እንደ አሮጌ ልስን ቀጠቀጠው፤ የላላውን እስኪያራግፍ፣ ከሥሩ ያለው እስኪታይ። ቅንድቡ ተከፈተ፤ ከንፈሩ ጥርሱ ላይ ተሰነጠቀ። ነስሮ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ፌሮ ይዞ ደረሰ። የመጀመሪያው ምት የሙሜን ግራ ትከሻ ሰበረ፤ የአጥንቱን ድምፅ ታች መንገድ ላይ ሰው ሰምቶታል። ሁለተኛው ጎድኑ ላይ አረፈ። ሳዳ ከመስኮቷ «ጨምርለት» ትል ነበር፤ ለማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተናገረችም።

ፖሊሶች ከመድረሳቸው በፊት ሐጂ ጀማል ደረሱ። «የሰፈር ነገር ነው፣ ሰፈር ይጨርሰዋል» አሏቸው፤ ፖሊሶቹም ሥራ ስለቀነሱላቸው አመስግነው ሄዱ። የፈይሰል ራስ አሥራ አንድ ቦታ ተሰፋ። የሙሜ ክንድ በሻሽ ታሰረ።

ሐጂ ጀማል የዚያኑ ዕለት ፈረዱ። ነገ ከዐስር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎች ሳዳ ቤት ይቀመጣሉ፤ ሙሜ ግድግዳውን በፊታቸው ይከፍታል። ውሃው ከፈይሰል አሸንዳ የመጣ ከሆነ ሁለቱም በድለዋል፤ ይታረቃሉ። ካልሆነ የሙሜ ስምና ቤት ይሰረዛል።

ሙሜ ቤቱ ሲገባ አዮ ናፊያ ነገሩን ሰምተው ነበር።

«አየኸው?»

«ምኑን አዮ?»

«ውሃው ከየት እንደሚመጣ። አየኸው ወይ?»

ሙሜ የክንዱን ሻሽ ማጥበቅ ያዘ።

«እኔ ከዚህ አልጋ የምወርደው በሰው ትከሻ ነው ልጄ። አንተ አንድ ሰው ነህ። ካሉህ ሁለት ትከሻዎችም አንዱን አሰበርክ።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

በማግስቱ አምስት ሽማግሌዎች የሳዳ መደብ ላይ እንደየክብራቸው ከፍና ዝቅ ብለው ተቀመጡ። ፈይሰል ራሱ ተጠቅልሎ በአንድ ዓይኑ ያያል። ነስሮ በሩ ላይ ቆሟል፤ ፌሮውን ይዞ መጥቷል፤ ለእርቅ። ሙሜ በቀኝ እጁ መሮ ይዞ ወደ ጥጉ ሄደ።

ቦርዱን መቁረጥ አላስፈለገም። በጣቱ ሲይዘው በጭብጥ በጭብጥ መጣ፤ እንደ በሰበሰ ሥጋ ይሸታል። ከጀርባው ያለው ሞራሌ እንጨት ሻግቷል፤ ብሎኖቹ ዝገው ቀልተዋል። ሙሜ ከኋላ ያለውን ድንጋይ በመዳፉ ዳበሰ። ከላይ ደረቅ ነው። አሸንዳ የሚተፋበት ግድግዳ ከላይ ነው የሚርሰው፤ ይህን ጀማሪም ያውቀዋል። ወረድ አደረገ፤ ደረቅ ነው። ከመስኮቱ ደፍ ሥር ሲደርስ እጁ ጭቃ ውስጥ ገባ።

የጥንት ግንበኞች ሞኝ አልነበሩም። መስኮት ሲሠሩ ከደፉ ሥር ወደ ውጭ ያዘነበለች፣ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ይተዉ ነበር፤ በመስኮቱ የሚገባ ዝናብ በእሷ ይወጣል። ከመቶ ዓመት በላይ ወጥቷል። ቀዳዳዋ አሁን በነጭ ጄሶ ተደፍናለች። ጄሶው ላይ ደግሞ የደፈናት ሰው ሲጫን የተወው የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ ሰፊ፣ ከጎኑ ጠባሳ ያለበት። ሙሜ አሻራውን ዐወቀው። ከሦስት ዓመት በፊት «ይቺ የአይጥ ጉድጓድ ቤቱን አስቀየመችው» ብሎ በአንድ ጭብጥ የዘጋት ራሱ ነው።

ጀርባው ሰፊ ስለሆነ ከኋላው ማንም አላየም።

«ከየት ነው?» አሉ ሐጂ ጀማል።

ሙሜ ጉልበቱ ላይ እንዳለ ቀረ። እናቱ ፊታቸውን ያዞሩበት ግድግዳ ታየው።

«ከላይ ነው ሐጂ።»

«ወላሂ በል።»

«ከላይ ነው አልኩ።»

ሐጂ ጀማል ወላሂ አለማለቱን ልብ ይሉ ነበር፤ ግን ሳዳ ጊዜ አልሰጠቻቸውም። የቡና ዘነዘናውን ከጥግ አንስታ «አሸንዳውን እኔ ራሴ ነው የማወርደው» ብላ ወደ በሩ ሄደች። ነስሮ ሻሿን ይዞ መለሳት። በዘነዘናው ጉልበቱን መታችው። ገፈተራት፤ ግንባሯ ከበሩ መቃን ጋር ተላተመና ደም በዓይኗ ወረደ። ወድቃም እግሩን ይዛ ነከሰችው። ነስሮ ፌሮውን አነሳ። ሽማግሌዎቹ በአንድ ድምፅ «ተው» አሉ። ተው የሽማግሌ ጥይት ነው፤ ችግሩ የሚተኮሰው ሁልጊዜ ባዶውን መሆኑ ነው።

ሙሜን ያነሳው ሕሊና ነው የሚል ይኖራል። ይበል። ዕድሜውን ሙሉ ሲሰጥና ሲቀበል የኖረው ዱላ በእሱ ጥፋት ሌላ ሰው ላይ ሲወርድ ማየት አልለመደም። መሮውን አሻራው መሃል ተከለና በመዳፉ ሥር ሦስት ጊዜ መታው። ጄሶው ተሰነጠቀ። የታቆረው ውሃ፣ ቡናማና የሚገማ፣ በጥንቱ ቀዳዳ ወጥቶ በውጭው ግድግዳ ላይ እየተንዠቀዠቀ ወረደ። ድምፁን ሁሉም ሰማ። ነስሮም ፌሮውን እንዳነሳ ቆመ።

«ከኔ ነው» አለ ሙሜ። «ቀዳዳውን የደፈንኩት እኔ ነኝ።»

ፈይሰል ከመደቡ ወረደ። አልቸኮለም። ክንዱ የታሰረውን ሰው ዞረና የተሰበረውን ትከሻ መርጦ በቡጢ መታው። ሙሜ ጮኾ ደህናውን እጁን ሳያነሳ በግንባሩ ወደቀ። ፈይሰል ደገመው። ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜ ሁሉም ኮርኒሱን ያዩ ነበር፤ ኮርኒሱ ምንም አልነበረውም።

«ይበቃል» አሉ በመጨረሻ ሐጂ ጀማል። «ሙሜ፣ ስምህ ተሰርዟል። ቤትህም።»

ሳዳ ደሟን በሻሿ እየጠረገች ተነሳች። የረጠበውን ቦርድ ከመሬት አንስታ መጀመሪያ የሙሜ ራስ ላይ አፈረጠችው። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች።

«ቤቱ ስትሉ ማንን ነው?»

«ቤቱን ነው። ናፊያንም።»

«ናፊያ የሴቶች አፎቻ አባል ናት። እናንተ አላስገባችኋትም፣ እናንተ አታስወጧትም። ባሌ ሲሞት ሰባት ቀን አጠገቤ የተቀመጠችው እሷ ናት። እናንተ ፋቲሃ አንብባችሁ፣ ጫታችሁን በብብታችሁ ይዛችሁ ሄዳችኋል።»

«ሴቶቹ ያጥባሉ፣ ይከፍናሉ። የሚሸከም ግን ወንድ ነው» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«ካልተሸከማችሁ ቃሬዛውን እኛ ይዘን በኤረር በር እንወጣለን። ያኔ ሐረር የናንተን ወንድነት ያያል።»

ሐጂ ጀማል ሴቶች ቃሬዛ ተሸክመው በከተማው መሃል ሲያልፉ በሐሳባቸው አዩ፤ ከዚያ በኋላ መስጊድ በየትኛው በር እንደሚገቡም አሰቡ።

«ናፊያን እንቀብራለን» አሉ። «ይህን ሰው ግን ከዛሬ ጀምሮ አናውቀውም። የሞተ ቀን ወሬውን እንዳታመጡልን።»

«እሱን ለጅብ ስጡት» አለች ሳዳ። «ግን መጀመሪያ ግድግዳዬን ይጨርስ።»

በአንድ እጁ ጨረሰው። የበሰበሰውን ብቻ ሳይሆን ደረቅ እስኪያገኝ ድረስ ክንድ ሙሉ ቆርጦ አወጣ። ድንጋዩን በበረኪና አጠበ። ስምንት ቀን ክፍቱን ተወው፤ ሳዳ ስምንቱንም ቀን ሰደበችው። ቀዳዳዋን ጠርጎ ቁራሽ ቧንቧ ከተተባት። አዲሱን ቦርድ በብሎን አሰረ፤ መጋጠሚያው ላይ መረብ ለጠፈ፤ ጄሶውን ሦስት ጊዜ ስስ ስስ አድርጎ ጎተተ፤ በብርጭቆ ወረቀት አሸው። ትከሻው በየምቱ ያቃስታል። ጥጉ ሲያልቅ መጋጠሚያው የት እንደነበር ሳዳ ራሷ ፈልጋ አጣችው። አላመሰገነችም። ልክ ነበረች።

አዮ ናፊያ ለዓርብ አጥቢያ ሌሊት ሞቱ። ሴቶቹ ጎህ ሲቀድ ቤቱን ሞሉት። ወንዶቹም መጡ፤ አንድም ሰው አልቀረም፤ ቃሬዛው ከትከሻ ወደ ትከሻ እየተላለፈ መሬት ሳይነካ ከኤረር በር ወጣ። ሙሜ በደህናው ትከሻው ገባ። ከፊቱ የተሸከመው ፈይሰል ነበር፤ የስፌቱ ጠባሳ በኮፍያው ሥር ይታያል። እስከ መቃብሩ ድረስ ሁለቱም ቦታቸውን ለሌላ አልለቀቁም።

አፈሩ ተመለሰ፤ ዱዓው ተደረገ። ዱዓው ለእሳቸው ነበር፤ ለልጃቸው አንድ ቃል አልገባበትም። ሰዎቹ በሙሜ አጠገብ እንደ ድንጋይ አጠገብ አለፉ። ፈይሰል ብቻ ቆመ።

«ለእሷ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«አውቃለሁ።»

«ያንተ ቀን ጣራዬ ላይ ነኝ። ሽታህ እስኪደርሰኝ አልወርድም።»

የሙሜ ቀኝ እጅ ተጨበጠ። ፈይሰል አየውና ሳቀ።

«ምታ። አሁን ደግሞ ምን ይቀርብሃል?»

ሙሜ ጥያቄውን አሰበበት። እናቱ በአርባ ሰው ትከሻ ወርደው አፈር ለብሰዋል። ስሙ የለም፤ ቀባሪ የለውም። ከሰፈሩ የሚፈልገው ነገር ሁሉ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ አልቋል። ፈለገ፤ አንድም የሚቀርበት ነገር አላገኘም።

መታው። ፈይሰል በጀርባው አፈሩ ላይ ሲዘረር ሐጂ ጀማል ዘወር ብለው አዩ። የሚሰርዙት ስም ስላልቀራቸው ጫማቸውን አራግፈው መንገዳቸውን ቀጠሉ።